የቀይ እንጨት ብናኝ

ሐሪቱ ያን ቀን ጠዋት ወደ ወርክሾፑ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው የቶርነኛውን እጅ ነው። እጁ ደግሞ የሴት ትከሻ ላይ ነበር። የማን ትከሻ እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም፤ የነርሷ ነው። ድሮ ለቶርነኛው ታጭታ የነበረችው፣ ኋላ ቀለበቱን መልሳለት የሄደችው፣ ያቺው ነርስ።

ሐሪቱ የወጣላት ስም ነው። ቶርነኛው የተለያየ ቀለም ያላቸውን እንጨቶች በቀጫጭኑ ሰንጥቆ፣ በኮላ አጣብቆ፣ መሀሉን በትራፓኖ በስቶ፣ ቶርኖ ላይ እያሽከረከረ እስክሪብቶ ያደርጋቸዋል። እሷ ደግሞ ከሱ ተቀብላ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሳ፣ ቀብታ፣ ወልውላ ትጨርሳለች። በእጇ ያለፈ ሁሉ ሐር ስለሚሆን ነው ሰው ሐሪቱ ያላት። አብረው ሲሠሩ ዓመታት አልፈዋል፤ እንደምትወደው ከሱ በስተቀር የማያውቅ የለም።

ነርሷ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች፣ በሹክሹክታ የሆነ ነገር ነገረችውና በጨርቅ የተጠቀለለ ዕቃ እጁ ላይ አስቀመጠች። ዞር ስትል ሐሪቱን አየቻት።

«እንደምን አደርሽ፣ እህቴ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ሐሪቱ፤ ፊቷ ግን የአመስጋኝ ፊት አልነበረም።

ነርሷ እስክትወጣ እንኳ በወጉ አልጠበቀችም። «ምን ፈልጋ ነው?»

«ልታገባ ነው። የጋብቻ ፊርማዋን የምትፈርምበት እስክሪብቶ አዘዘችኝ። ቀይና ነጭ።»

«እስክሪብቶ ለማዘዝ ይለቀሳል እንዴ?»

ቶርነኛው የተጠቀለለውን ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከዚያ፣ «እሱ የሷ ጉዳይ ነው» አለ።

በቃ። ይቺ «የሷ ጉዳይ» የምትል ነገር ሐሪቱ ሆድ ውስጥ ገብታ እንደ እሾህ ተቀመጠች። ልታገባ ከሆነ እዚህ ምን ትሠራለች? የድሮ እጮኛዋ ካልሠራላት ሰርጉ አይሰምርም? እሱስ ምን ሆኖ ነው የሰው ሙሽራ ትከሻ የሚያሻሸው?

የባሰው ደግሞ አሠራሩ ነው። ሌላ ጊዜ እያፏጨ የሚሠራ ሰውዬ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ከጨርቁ ውስጥ አጭር የነጭ እንጨት ቁራጭ አወጣ፣ በስሱ ሰነጠቀው፣ ቀዩን እንጨት በመሀል በመሀሉ እያስገባ አጣበቀው። በሞርሳ አስሮት ኮላው እስኪደርቅ እንኳ እየተመለሰ ያየዋል። ቶርኖ ላይ ሲያወጣውማ ሊስመው ምንም አልቀረው። ሐሪቱ ከጠረጴዛዋ ሆና ይህን ሁሉ ታያለች። ለኔ እንዲህ ተጠንቅቆ አንድ ነገር ሠርቶልኝ ያውቃል? የሻይ ማንኪያ እንኳ? አያውቅም!

በማግስቱ እስክሪብቶውን ይዞላት መጣ። «አደራ። ነጩን ጠብቂልኝ።»

«መቼ ሳልጠብቅልህ ቀርቼ አውቃለሁ?» አለችው፣ ቀና ብላ ሳታየው።

ቀይና ነጭ እንጨት አብሮ ሲለሰልስ ደንብ አለው። የቀዩ ብናኝ ቀለም ነው፤ ነጩ ውስጥ ከገባ አይለቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጭን ኮላ ይቀባና የነጩ እንጨት ጥቃቅን ቀዳዳ ይደፈናል። ከዚያ ቶርኖው ቆሞ፣ ወረቀቱ በርዝመቱ ብቻ ይሄዳል፤ ብናኙም ቶሎ ቶሎ ይጠረጋል። ይህን ለጀማሪ የምታስተምረው እሷው ራሷ ናት።

ያን ቀን ኮላ አልቀባችም። ቶርኖውን አስነሳችና ወረቀቱን በደረቁ ጫነችበት። አውቃ ነው፤ ምን ያሸፋፍነዋል! ቀዩ ብናኝ ሲዞር ነጩ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ሮዝ ሆነ። ደስ አላት። እንዴት ደስ እንዳላት! ደስታዋ ግን ቶርኖው እስኪቆም እንኳ አልቆየም።

ቶርነኛው እስክሪብቶውን እያገላበጠ አየው። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ይሄ ነጩ የአባቷ ምርኩዝ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሰርጌን ሳያይ ሞተ፣ ምርኩዙ እንኳ አብሮኝ ይፈርም ብላ ነው ያመጣችው። የተረፈው ይሄው ብቻ ነበር። ሰው እንዳያዝንልኝ ለማንም አትንገር ስላለችኝ ነው ዝም ያልኩሽ።»

እንባው የምን እንደነበር፣ እጁ የነርሷ ትከሻ ላይ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ሁሉም ለሐሪቱ አንድ ላይ ገባት። ይቅርታ ልትል አፏን ስትከፍት በሩ ተንኳኳ። ነርሷ ናት፤ ደርሶ እንደሆነ ልታይ መጥታለች።

ቶርነኛው ቀደም አለ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። እጄ ስቶ አበላሸሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ይህን የሚለው ለሐሪቱ ሲል ነው። እሷ ግን፣ ጉድ እኮ ነው፣ በዚህም ቀናች! ሌላ ሴት እንዲህ በለሰለሰ ድምፅ ማነጋገሩ አንገበገባት።

«ውሸቱን ነው!» አለች። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አውቄ ነው።»

«ለምን?» አለች ነርሷ።

«ቀንቼ። የአባትሽ መሆኑን አላወቅኩም። የፈለግሽውን ስደቢኝ፣ አይከፋኝም። ብቻ ይቅር በይኝ።»

ነርሷ እስክሪብቶውን ተቀብላ ሮዙን በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፤ አልጠፋ ሲላት ዓይኗ እንባ ሞላ። ትንሽ ቆይታ ግን ሐሪቱን ከላይ እስከ ታች አየቻትና ሳቋ መጣ።

«በኔ ነው የቀናሽው? አንቺ ሴትዮ፣ ቀለበቱን ለምን እንደመለስኩለት ታውቂያለሽ? እራት ልንበላ ስንቀመጥ የሚያወራው ስለ አንቺ ነው። ሐሪቱ እንዲህ አለች፣ ሐሪቱ እንዲህ ሳቀች፣ ሐሪቱን ዛሬ አሟታል! ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ይቀር ነበር። በአንቺ ቀንቼ ያልሆንኩት የለም። አሁን ደግሞ ገልብጠሽ በኔ ትቀኛለሽ?»

ሐሪቱ ወደ ቶርነኛው ዞረች። እሱ ፊቱን ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀሉት መሮዎች መልሶ፣ ዛሬ ገና ያያቸው ይመስል አፍጥጦባቸዋል።

«ይድናል?» አለችው ነርሷ እስክሪብቶውን እያቀበለችው።

«በስለታም መሮ በስሱ ብልጠው ሮዙ ይለቅ ይሆናል። ግን ይቀጥናል።»

«ይቅጠን። አባቴም ቀጭን ነበር።» ከዚያ ወደ ሐሪቱ ዞረች። «የምታለሰልሽው አንቺ ነሽ። በደንቡ!» ብላት ወጣች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቶርነኛው እስክሪብቶውን ቶርኖው ላይ አሰረ፣ መሮውን ሳለ። ሐሪቱ አጠገቡ ቆመች።

«እውነቷን ነው?»

በመልስ ፈንታ ማሽኑን አስነሳው። መደበቂያ ሲፈልግ እኮ ነው! ስስ ልጣጭ ከመሮው ጫፍ መውረድ ጀመረ፤ መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ፈዘዝ ያለ ሮዝ። መሮው ትንሽ ጠልቆ ቢገባ የአባትየው ምርኩዝ አበቃለት። ኋላ ነጭ ልጣጭ ወረደ። ይሄኔ እሱ ዓይኑን ከመሮው ሳያነሳ፣ በማሽኑ ጩኸት መሀል አንድ ነገር አለ።

ሐሪቱ ሰምታዋለች። አጥርታ ነው የሰማችው። ግን ስንት ዘመን የጠበቀችው ነገር በሞተር ጩኸት ተሸፋፍኖ እንዲያልፍ አልፈለገችም።

«አልሰማሁም!»

«እየቆረጥኩ ነው እኮ!»

«ጨርስ። ከዚያ አጥፋውና ድገመው።»

ጨረሰ። አጠፋው። ቶርኖው ዝግ እያለ፣ ዝግ እያለ ቆመ። ሰጋቱራውን ከክንዱ አራገፈ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ የሚያራግፈው ሲያጣ ቀና አለ።

«እወድሻለሁ ነው ያልኩት። ለሌላ ታጭቼ ሳለሁም እወድሽ ነበር፤ ያ አሳፍሮኝ ነው ዝም ያልኩት። አንቺ ደግሞ ቀና ብለሽ አታዪኝም። ሁልጊዜ የምታዪው እንጨቱን ነው።»

«እንጨቱን የማየው አንተ ስለነካኸው ነው፣ አንተ ጅል!»

እንባዋ እየወረደ እጇን ዘረጋች። እሱም እጇን በሁለት እጁ ያዘው።

«እጄን የዘረጋሁት እስክሪብቶውን እንድትሰጠኝ ነው» አለች፤ እጇን ግን አላስለቀቀችም። «ደግሞ ስማ። ከእንግዲህ ሴት ደንበኛ ስትመጣ የማነጋግራት እኔ ነኝ።»

«አሮጊት ብትሆንም?»

«አሮጊት ብትሆንም!»