ዋንዛው ይወድቃል ያለው ሰው

ዛፍ ቆራጩ ወንዳወቅ በእማማ አልጣሽ ግቢ የቆመውን ዋንዛ በመጥረቢያው ጀርባ ኳ፣ ኳ አድርጎ ጆሮውን ግንዱ ላይ ለጥፎ አዳመጠ። ከዚያ ጎንበስ አለ፤ ሥሩ አጠገብ የበቀለውን ቡናማ እንጉዳይ ነካ፤ የተሰነጠቀውን አፈር በጣቱ ተከተለ። ግንዱ ደህና ነበር። ሥሩ ግን ደህና አልነበረም።

«እማማ አልጣሽ፣ ይህ ዛፍ መቆረጥ አለበት። የውኃ ቧንቧ ሲቀበር ሥሩ በዚህ በኩል ተበጥሷል፤ የቀረውም እየበሰበሰ ነው። ክረምቱ ሲበረታ ወደ ቤቱ ይወድቃል።»

የእማማ አልጣሽ ልጅ ትሕትና ከስፌት መኪናዋ ቀና አለች።

«ለመሆኑ ዋንዛ አይተህ ታሟል ያላልክበት ግቢ በቡሬ አለ?»

በሰፈሩ ልማድ ዛፍ ቆራጭ የሚከፈለው በግንዱ ነው። ዋንዛ ደግሞ በርና አልጋ ይወጣዋል። ስለዚህ ቆራጭ ይወድቃል ሲል ሰው መጀመሪያ የሚመረምረው ዛፉን ሳይሆን ቆራጩን ነው።

«ርካሹ ባሕር ዛፍ ቢሆን ኖሮ ጤነኛ ነው ትል ነበር» ብላ ጨመረች።

ወንዳወቅ አፈረ። «ብቻ የስፌት መኪናሽን ዛፉ ከሚወድቅበት ጥግ አንሺው» አለና ወደ ዛፉ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት እማማ አልጣሽ ጮኹ። ከዋንዛው ሥር ሁለት ችካሎች ተተክለው፣ በመካከላቸው ቀይ ክር ተወጥሯል።

«የማርያም ያለህ! ያ ልጅ መተት አሰረብን! ዛፉን አድርቆ ሊወስደው ነው!» ጠበል ሊያስመጡ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ትሕትና ወንዳወቅን ገበያው መንገድ ላይ ያዘችው።

«ግቢያችን ምን አስረህ ሄድክ?»

«መለኪያ ነው። ችካሎቹ ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ ናቸው። ዛፉ ካልተንቀሳቀሰ አይራራቁም።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

«አሁንም አላምንህም። እኔው እለካለሁ። አንተ ግን ግቢያችን ድርሽ እንዳትል!»

«እሺ፤ ለኪ» አለ። ደስታውን ለመደበቅ መሬት መሬቱን አየ። ያም አስጠረጠራት።

ጠበሉ ተረጨ፤ ትሕትና እናቷን ስለለመነች ችካሎቹ ባሉበት ቆዩ። እሷም በየጠዋቱ በልብስ መለኪያ ሜትሯ ለካች። ሃያ ሁለት ሴንቲ ሜትር። በሁለተኛውም ቀን ሃያ ሁለት። «ቀጣፊ!» አለች በሆዷ። እውነተኛ ሆኖ ባገኘሁት ብላ መመኘቷ ግን አናደዳት።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ሲነጋ ሃያ አራት ሆነ። ደግማ ለካች። ሃያ አራት።

እናቷን ከቤት አስወጥታ ወንዳወቅን ራሷ ልትጠራው ሄደች።

ቀኑን ሙሉ ሠራ። በገመድ ወጥቶ ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ እያሰረ አወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ ከቅጠል በቀር ምንም አልወደቀም። በመጨረሻ ግንዱ በገመድ ተስቦ ወደ መንገዱ በኩል ተዘረረ። የተቆረጠው ገጽ ድፍንና ጤነኛ ነበር።

«እንደ ሙሽራ ያማረ ግንድ! ይህ ነው የታመመው?» አለ ጎረቤታቸው ባዬ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። «በል ባለሙያው፣ ጋሪ ላምጣልህ?»

እማማ አልጣሽ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አላልኩሽም?»

ወንዳወቅ መጋዙን መጥረግ ቀጠለ።

«ታመመ ያለው ሥሩን ነው!» አለች ትሕትና። «አፈሩ ሲከፈት የለካሁት እኔ ነኝ። የምትስቁ ከሆነ በእኔ ሳቁ።»

ዶማ አንስታ በቧንቧው በኩል ቆፈረች። ጥቁሩን ሥር ስትይዘው እንደ ራሰ ዳቦ በእጇ ተቆረሰ። ሳቁ ቆመ።

«ጋሪ አያስፈልግም» አለ ወንዳወቅ ቀስ ብሎ። «ግንዱ የእናንተ ነው።»

እማማ አልጣሽ ዓይናቸውን አጠበቡ። ከቅድሙ ይልቅ አሁን ጠረጠሩት።

«ቀኑን ሙሉ ለፍተህ? ግንዱን ካልፈለግህ ምን ፈልገህ ነው?»

ወንዳወቅ ትሕትናን አየ። ዓይኗን አልሰበረችም።

«የፊታችን እሑድ... ሽማግሌ ልልክ ነበር፣ እማማ። ከፈቀዱልኝ።»

«ኧረ ጉድ!» አለ ባዬ።

እማማ አልጣሽ ልጃቸውን ቁልቁል ሽቅብ ተመለከቷት። «ይቺ እኮ አላምነውም ስትል ነው የከረመችው!»

«አሁንም በደንብ አላምነውም» አለች ትሕትና፣ ፈገግታዋን በጭቃ እጇ ለመሸፈን እየሞከረች። «ሽማግሌዎቹ ይምጡና እናያለን።»