ስለ ቅጠሉ ማን ጠየቀኝ?

ሙዓዊያ ከአዲስ አበባ መመለሱን የሰማሁት ከሰው ነው። እሱ እቴ፣ በሱቄ ደጃፍ እንኳ አላለፈም! ሽንኩርት እመዝናለሁ፣ እሳሳታለሁ፤ በሸዋሮቢት ሙቀት ላይ የልቤ ጭንቀት ተጨምሮ መቀመጥ አቃተኝ።

ሲሄድ እኮ «ስመለስ አባትሽ ዘንድ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሎኝ ነበር።

የተዋወቅነው በምራቅ ነው፤ አትሳቁ። የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ቡና ውስጥ ያለው እንቅልፍ የሚነሳ ነገር፣ ካፌይን የሚሉት፣ በሰው ምራቅ ውስጥ ቅንጣት ታህል ብትቀር እንኳ እንዴት እንደምትለካ ያጠናል። ለማነጻጸሪያ ቡና የማይጠጣ ሰው ፍለጋ ከጀውሃ እስከ ማጀቴ ተንከራተተ።

«እኔ አለሁ» አልኩት። «ቡናም ሻይም በአፌ አይዞርም፤ ወላሂ!»

ከዚያ ወዲያ ለምራቁ እየመጣ፣ ምራቁን ትቶ ዓይን ዓይኔን ያየኝ ጀመር። በመጨረሻ ምራቄን በብልቃጥ ይዞ፣ ትልቁ መሣሪያ ወዳለበት አዲስ አበባ ሄደ።

አላስችል ሲለኝ ሱቄን ለጎረቤት ትቼ፣ ፔርሙዜን እንዳንጠለጠልኩ ጤና ጣቢያ ገባሁ።

«ምን አጠፋሁ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ምራቅሽ ውስጥ ካፌይን ተገኘ። ትንሽ ነው፣ ግን አለ። ሥራውስ ይደገማል፣ ሙሀባ። ወላሂ ብለሽ ለምን ዋሸሽኝ?»

ደሜ ፈላ። «እኔ? ቡና? ዓይኔ ይፍሰስ!» ከፔርሙዙ በኩባያ ቀድቼ ተጎነጨሁ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የቡና ቅጠል በወተት። ከልጅነቴ የምጠጣው ነዋ!»

ኩባያውን አየ፤ እኔን አየ።

«ቅጠሉም እኮ ካፌይን አለው።»

«ቡና ማለት ፍሬው ነው! ስለ ቅጠሉ ማን ጠየቀኝ?»

ሳቁ አመለጠው። እኔ ግን እንባዬ መጣ። «ከኔ ቃል መሣሪያውን አመንክ። መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት?»

«ፈራሁ» አለ። «አዎ፣ ዋሽቼሃለሁ ብትዪኝስ ብዬ።»

ወደድኩት፤ ተናደድኩበትም። ኩባያውን ሞልቼ ሰጠሁት። ሳያስተርፍ ጨለጠው።

በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ ሱቄ መጣ። «ቅጠላችሁ ኃይለኛ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሽማግሌዎቹ ዓርብ ይመጣሉ።»

እኔም አልተኛሁም ነበር። እኔን ግን ቅጠሉ አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። ይህን አልነገርኩትም፤ ተመራማሪ አይደል፣ ራሱ ይድረስበት።