የዮርን አውራ ጣት

ፖስተኛው ከፊቷ ተሰልፏል።

አርብ ጠዋት ነው። የኦደንሰ ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ያለው ዳቦ ቤት። ሰው ሁሉ የተራ ቁጥር ወረቀቱን ይዞ፣ አንገቱን በሻርፕ ጠቅልሎ ይጠብቃል። አርብ አርብ ለሥራ ባልደረቦቹ የቁርስ ዳቦ የሚገዛው ባለተራ ነው፤ ዛሬ ተራው የቪቤከ ነው። ማንም አይጠረጥራትም። አርብ ጠዋት ዳቦ የያዘች ሴት በዚህ አገር ከቄስ በላይ ትታመናለች።

ቪቤከ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ፖስተኛውም የሰውየው ስም አይደለም። የላካት የስለላ ድርጅት እሷን «ሹራብ» ይላታል። ፖስተኛው አለቃዋ ነው፤ ከድርጅቱ ጋር የሚያገናኛትም እሱ ብቻ ነው።

የተራ ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችና የእሱን አስቀርታ የራሷን ሰጠችው። ከወረቀቷ ጀርባ ጥፍር የምታህል፣ የፋብሪካው ፎቶ የተቀዳባት ካርድ ተለጥፋለች።

«የሮቦቱ ገዢ ረቡዕ ይመጣል» አለ፣ ዓይኑን ከኬኮቹ ሳይነቅል። «ፎቶ ይብቃ። የሮቦቱን እጅ ትምህርት በሙሉ ቀድተሽ አምጪ።»

«እሺ።»

«የኋልዮሹም ይሠራል አይደል?»

ቁጥሩ ተጠራ። ዳቦውን ገዝቶ ወጣ።

ቪቤከ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

ስለ ኋልዮሹ ለማንም ትንፍሽ አላለችም ነበር።

የተሰገሰገችበት ፋብሪካ የሮቦት እጆችን ሥራ ያስተምራል። ሰው ሽቦ የተሰፋበት ጓንት አጥልቆ ሥራውን ደጋግሞ ይሠራል፤ ሮቦቱ እያየ ይቀዳል። ሮቦት መምረጥ አያውቅም፤ ሥራውን ከአመል አይለይም። ዮርን መጀመሪያ የመጣ ሰሞን አንድ ነገር በነካ ቁጥር እጁን ሱሪው ላይ ይጠርግ ነበር። ሳይቆይ ሮቦቱም የሌለውን ሱሪ መጥረግ ጀመረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀው ዮርን ራሱ ነበር፤ ቢያንስ ንጽሕና ተምሯል እያለ።

ዮርን ጡረታ የወጣ ወታደር ነው። ዕድሜውን የጨረሰው የተቀበረ ፈንጂ ሲያመክን ነው፤ የግራ እጁ ቀለበት ጣት በዚያው ቀርታለች። ሮቦቱን የሚያስተምረውም ይህንኑ ነው። ክዳኑን መፍታት፣ አቀጣጣዩን መምዘዝ፣ ለብቻ ማስቀመጥ። የሚያስተምርበት ፈንጂ ባዶ ነው። ቪቤከ አጠገቡ ተቀምጣ ቀረጻውን ትቆጣጠራለች። በሻይ ሰዓት ስለ ሁለት ነገር ብቻ ያወራላታል፤ ኦልቦር ከተማ ስለምትኖረው ልጁና ከእንግዲህ ማንም ጣቱን ሳይሰጥ ፈንጂ ስለሚመክንበት ቀን። ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ፈገግታ ነው የሚያወራው። ቪቤከ ሰውየውን ወደደችው። ይህ ደግሞ ለእንደሷ ዓይነቱ ሰው ጥሩ ነገር አይደለም።

ባለፈው ሳምንት ኩሽና የማጽዳት ተራው የሷ ነበር። ስኒ እያጠበች ሳለ የፋብሪካዋ ዳይሬክተር ማርግሬተ ከገዢው ጋር ስታወራ በግድግዳው ማዶ ሰማች። ትምህርቱ በኋልዮሽ፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ቢኬድስ፣ አለ ገዢው። እጁ ፈንጂ ያጠምዳል፣ አለች ማርግሬተ፤ ሳይደክም፣ ሳይፈራ፣ ለምን ብሎ ሳይጠይቅ። ሁለቱም ሳቁ። ማምከን የዕቃው ስም ነው፤ ማጥመድ ግን ግብሩ።

ቪቤከ ነገሩን ሳታረጋግጥ ማስተላለፍ አልፈለገችም ነበር። አሁን ፖስተኛው ራሱ አረጋገጠላት። እሷ ካልነገረችው የነገረው ገዢው ነው።

አለቃዋ ተሽጧል።

መውጫ ፈለገች። ትምህርቱን ቀድታ ለፖስተኛው ብትሰጥ ለገዢው ያደርሰዋል። ባትሰጥ ማርግሬተ ራሷ ትሸጥለታለች። ወደ በላይ አቤት ብትል በሩ ላይ የቆመው ፖስተኛው ራሱ ነው። የቀራት ትምህርቱ ራሱ ነው። ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ በዚያው ሰሞን ለሮቦቱ አዲስ እጅ ተገጥሞለት ነበር። የድሮው ትምህርት ስለማይሆነው ሁሉም ነገር ከረቡዕ በፊት እንደገና መቀረጽ አለበት።

አዲሱ እጅ አውራ ጣት አለው።

ሰኞ ዕለት ዮርን ጓንቱን ሲያጠልቅ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ክዳኑን ከማንሳትህ በፊት አውራ ጣትህን መኻሉ ላይ ጫን አድርግ» አለችው።

ዮርን ዞሮ አያት። «እዚያ ላይ? ዕድሜ ልኬን ከዚያች ቦታ ጣቴን ሳርቅ ነው የኖርኩት።»

«አዲሱ እጅ ካልነካ ቦታውን አያገኝም። መሐንዲሶቹ ናቸው ያሉት፤ ከረቡዕ በፊት ከቀረጻው ያወጡታል።»

«መሐንዲሶቹ ሚስቶቻቸውንም በመመሪያ ነው የሚስሙት።»

«ዮርን።»

«እጄ እምቢ ይለኛል፣ ልጄ። እኔ እሺ ብልም እሱ እምቢ ይላል።»

«እኔን እመነኝ።»

አመናት።

መጀመሪያ አውራ ጣቱ አየር ላይ ቆመች። ከዚያ ነካች። ከዚያ ጫነች። ደጋግሞ፣ ደጋግሞ ሠራው፤ እሱም ሮቦቱም እስኪለምዱት ድረስ። ቪቤከ የኮምፒውተሩ ማያ ላይ አፍጥጣ እያንዳንዱን ቀዳች።

ከኋላቸው የጫማ ድምፅ ተሰማ።

ማርግሬተ ናት።

«ያ የአውራ ጣት ነገር ምንድን ነው?» አለች።

ቪቤከ መልስ አዘጋጅታ ነበር፤ ሽማግሌው ቀደማት።

«እጁ እንዲረጋ ነው» አለ ዮርን፣ ቀና ሳይል። «አዲስ አሠራር ነው።»

ስለ ፈንጂ ዮርንን የሚጠይቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ማርግሬተ አንተ ካልክ ብላ ሄደች። ሽማግሌው ለቪቤከ ጠቀሳት። በዚያች ቅጽበት ራሷን ጠላች፤ ግን እጇ ከመቅጃው ላይ አልተነሳም።

ማክሰኞ ካርዱን ለፖስተኛው አቀበለችው፤ ባቡር ጣቢያው ጋ፣ በብስክሌቶቹ መኻል።

«ሙሉው ነው?»

«ሙሉው ነው።»

«ጎበዝ» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየችው።

ረቡዕ ከከተማ ውጪ ባለ አሸዋማ ሜዳ ላይ እውነተኛ ፈንጂ ተቀበረ። ሁሉም ከኮንክሪቱ ግድግዳ ጀርባ ቆመው በማያ ያዩ ነበር። ዮርን ከረባት አስሮ መጥቷል። ልጁ የላከችለት መሆኑን ለሁሉም ተናግሯል። ሮቦቱ አሸዋውን በቀስታ ጠረገ። ክዳኑን አገኘ። ልክ እንደ ዮርን፣ ለአፍታ አመነታ።

አውራ ጣቱን ጫነ።

መሬቱ ዘለለ። አሸዋና ብረት ዘነበ። ሰው አልተነካም። ገዢው ኮቱን አራገፈና ማንንም ሳይሰናበት ወደ መኪናው ሄደ። ፖስተኛው ለገዢው የሸጠለትም ቅጂ በሌላ አገር አሸዋ ላይ ያንኑ አደረገ፤ ፈንጂውን አጥምዶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ በመጨረሻ መኻሉን ጫነ። ከዚያ በኋላ ፖስተኛውን ያየው የለም።

በማግስቱ ማርግሬተ ሁሉንም ሰብስባ ቀረጻውን አሳየች። ቀለበት ጣት የሌለው የግራ እጅ ክዳኑን ደግፎ ይዟል። የቀኙ አውራ ጣት ይጫናል። አሁንም ይጫናል።

«ይህ የማን እጅ ነው?»

«የኔ» አለ ዮርን።

«እንዲህ አድርግ ያለህ ማነው?»

ዮርን ቪቤከን ለአፍታ አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ቢኖር ይሻላት ነበር።

«ማንም» አለ። «እጁ የኔ ነው።»

ቪቤከ ዝም አለች። ዝም ማለት ሥራዋ ነበር። ሰበብ ከተገኘለት ፍርሃትም ሥራ ይባላል።

ዮርን ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወጣ። የሚሸኘው አልነበረም።

በዚያው ሳምንት አንድ የማታውቀው ድምፅ ደወለላት።

«ሹራብ፣ ጥሩ ሥራ ነው። አሁን ፋብሪካውን ለቀሽ ውጪ።»

«ዮርንስ? ጥፋተኛ አለመሆኑን አንድ ሰው ይንገራቸው።»

«እሱን ማንጻት አንቺን መግለጥ ነው።»

ስልኩ ተዘጋ። ፋብሪካው ፈንጂ የሚባል ነገር ዳግም እንደማይነካ አስታወቀ። የሚያጠምደው እጅ ሞተ፤ የሚያመክነውም አብሮት ሞተ። ፈንጂ ዛሬም የሚመክነው በሰው ጣት ነው። የዮርን ሕልም የጠፋው በሷ እጅ ነው፣ ያውም በገዛ ጣቱ አስጨርሳው።

በክረምቱ ሌላ ስም፣ ሌላ የፀጉር ቀለም፣ ሌላ ሥራ ተሰጣት። የሆቴል አንሶላ ታጥፋለች። የመደቧት ኦልቦር ነው፣ የዮርን ልጅ የምትኖርበት። እምቢ ማለት ትችል ነበር። አላለችም።

አንድ ቀን ጠዋት ዳቦ ቤት የተራ ወረቀቷን ይዛ ቆማለች።

«ቪቤከ» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

አልዞረችም። እንዳትዞር ነው የሰለጠነችው። አንገቷ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

ሰውየው ጎኗ መጥቶ ቆመ። ከስቷል።

«ይቅርታ» አላት። «የማውቃት ሰው መስለሽኝ ነው።»

«ምንም አይደል» አለች፣ በሌላ አገር ሰው አነጋገር።

መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«አብራኝ ትሠራ ነበር» አለ። «አንድ ነገር አሳሳተችኝ። እሷንም ያሳሳቷት ይመስለኛል። አልተቀየምኩሽም ልላት ፈልጌ ነበር፤ እንዳትጨነቅበት።»

ቁጥሯ ተጠራ።

ዳቦዋን ተቀበለች፤ አመሰገነች፤ በሩን ገፍታ ወጣች። ጥጉን እስክትታጠፍ ድረስ በቀስታ ተራመደች። ከዚያ ሮጠች።