ታቹ የተቀባው ኩባያ

«ትፊው! ትፊው አልኩሽ እኮ!»

ትንሿ እህት ምኑን ትትፋው? ውኃው ጉሮሮዋን አልፎ ሄዷል። ከታላቅ እህቷ ዶርም ልታድር መጥታ፣ ከአውቶቡስ እንደወረደች ጥም አቃጥሏት፣ መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት አራት ቢጫ ኩባያዎች አንዱን ብድግ አድርጋ ከጥጉ ጀሪካን ውኃ ቀድታ ጠጣች። ጥፋቷ ይኸው ነው።

«መርዝ ነበረበት እንዴ?» አለች ደንግጣ።

ታላቅየዋ የቀረውን ውኃ መሬት ላይ ደፍታ ኩባያውን ገለበጠችው። ታቹ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ነጥብ ተደርጎበታል። «የእሷ ነው» አለች፣ በአገጯ የጥጉን አልጋ እያመለከተች። «አባቷ ቀጥቃጭ ነው። መቼም ታውቂያለሽ...»

ጥግ ላይ የምትተኛውን ልጅ ካምፓሱ ሁሉ «ሰቃይዋ» ይላታል፤ በትምህርት የሚደርስባት የለም። የዶርሟ ልጆች ደብተሯን ይገለብጣሉ፣ ለፈተና እሷው ታስጠናቸዋለች፤ ኩባያዋን ከነኩ ግን ይረክሳሉ። ኤጭ!

ይህን የምትለው ታላቅ እህት ደግሞ ማን ናት? ጓደኞቿ «ጠበቃዋ» የሚሏት፣ «በትውልድና በሙያ ሰውን ማግለል ክልክል ነው» የሚለውን አዲሱን የዩኒቨርሲቲ ደንብ ከተማሪዎች ምክር ቤት ጋር ያረቀቀችው፣ ዛሬም አዳራሽ ወጥታ የምታነበው! ትንሿ የመጣችው ይህንኑ ልታይ ነበር። ለክፍሏ ልጆች «እህቴን ብታዩዋት!» ስትል ነው የከረመችው።

በሩ ተከፈተ። ሰቃይዋ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገባች። ጩኸቱን ኮሪደር ላይ ሰምታዋለች። መጀመሪያ ኩባያውን፣ ቀጥሎ የፈሰሰውን ውኃ አየች።

ታላቅየዋ ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ዝንብ ገብቶበት ነው እኮ የኔ ቆንጆ! አይደል እንዴ?» አለችና ታናሿን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

ትንሿ ቀና ብላ እህቷን አየቻት። ይህች እህቷ ናት፤ ፊደል ያስቆጠረቻት፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት። «አዎ» ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ባትል ግን እህቷ ይቅር የምትላት አይመስላትም።

«እኔ ዝንብ አላየሁም» አለች።

ሰቃይዋ ፈገግ እንደማለት ብላ፣ «ተይው ሚጡዬ፣ ዝንቡን ለምጄዋለሁ» አለችና ደብተሯን አንስታ ወጣች።

«አዋረድሽኝ!» አለች ጠበቃዋ፣ ፊቷ በርበሬ መስሎ። «ቆይ ብቻ፣ ስመለስ እንነጋገራለን። ተነሺ፣ ረፍዷል።»

«አልመጣም።»

በሩ ተወርውሮ ተዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ የእህቷ ድምፅ በድምፅ ማጉያ መስኮቱ ድረስ መጣ። «ሁላችንም እኩል ነን!» አፏ ቅቤ፣ ልቧ ጩቤ! ጭብጨባውማ አይጣል ነው። ትንሿ ይህን ድምፅ ስትወደው ነው የኖረችው። ዛሬ ግን መስኮቱን ዘጋችበት።

የጥፍር ቀለሙን የእህቷ መሳቢያ ውስጥ አገኘችው። ሦስቱን «ንጹሕ» ኩባያዎች አንድ በአንድ ገልብጣ ታቻቸው ላይ ቀይ ነጥብ አደረገችባቸው፤ እፍ እፍ እያለችም አደረቀችው። ከዚያ አራቱንም አደባልቃ መስኮቱ ላይ መለሰቻቸው። የትኛው የማን እንደሆነ አሁን እሷም አታውቅም።

የእህቷ ጫማ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ ሲል ተሰማ። ስትናገር ቆይታለች፤ መቼም ይጠማታል። ትንሿ ጀሪካኑን አንስታ አራቱንም ኩባያ ሞላችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀቻት።