ባዶ ያልቀረው ሣጥን

ሐምሌ ሠላሳ፣ ግብር ማሳወቂያው በሚዘጋበት ዕለት፣ ጋሽ ዳምጠው ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ሞተው ተገኙ። ዲላ ውስጥ፣ ከግብር ቢሮው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ሃያ ዓመት የሰው ቅጽ ሲሞሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ማጅራታቸውን በከባድ ብረት ተመትተዋል። ከቀኝ መዳፋቸው ሥር አንድ የግብር ማሳወቂያ ቅጽ ነበር። ስም፦ ኑሰይባ ሙከሚል። ሥራ፦ ስልክ ጥገና። ከላይ እስከ ታች ጥንቅቅ ብሎ ተሞልቷል።

ለሰፈሩ ይኸው በቂ ነበር። ኢንስፔክተር ወርቂቱ ስትደርስ የሃያ ሁለት ዓመቷ ኑሰይባ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማ ዝናብ ይደበድባታል፤ ወረፋ የያዘው ሕዝብ ደግሞ ስድብ ያወርድባታል። «ሽማግሌ ገድላ ግብር ልትከፍል!» ይላል አንዱ። ወርቂቱ ጩኸት አትወድም፤ ቁርስ ሳትበላ ደግሞ ጭራሽ።

ክፍሉ ውስጥ አስከሬኑን ሲመረምር የነበረው ሐኪም ቀና አለ። «ትናንት ማታ ነው የሞቱት። ሰውነታቸው ደርቋል።»

መጀመሪያ የቀረቡት ክፍሉን ያከራዩት አቶ መልከጼዴቅ ነበሩ።

«ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጭቅጭቃቸው መንገድ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ‹ሱቄን ሊያዘጉብኝ ነው፣ አልለቅዎትም!› ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«‹ቁጥር ሳትይዢ እንዳትመጪ! ባዶ ሣጥን ያለው ቅጽ ከእጄ አይወጣም!› ብለው ወረቀቱን ወረወሩባት። ሦስት ቀን ሙሉ ይኸው ነበር ሥራቸው።»

«ዛሬ ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«ወረፋ ላይ ነዋ! ይቺው ልጅ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ መጥታ ከፊቴ ልትሰነቀር ስትል ተሰዳደብን። ፖሊስ እስኪወስዳት ድረስ ጀርባዋን ሳይ ነው የቆየሁት።»

ቀጥሎ ልዑልሰገድ መጣ። የኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ሱቁና የሟቹ ክፍል በአንዲት የውስጥ በር ይገናኛሉ። አራት ሰዓት ላይ አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ድምፁም ለስላሳ ነው።

«ኑሰይባ ዛሬ አንተ ጋ መጥታ ነበር?» አለችው ወርቂቱ።

«ኧረ ዓይኗንም አላየሁት።»

ወርቂቱ ልጅቷን ከዝናቡ አስገባቻት። «እጅሽን አሳዪኝ።»

የኑሰይባ የጣቶቿ ጫፍ ጠቁሮ ተላልጧል። «ብየዳ ነው እትዬ። የአሻራ ማሽኑ ሦስት ቀን እምቢ አለኝ። ያለ አሻራ ደግሞ የግብር ከፋይ ቁጥር አይሰጥም። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ገና አነበበልኝ።» እጇን ሰበሰበች። «በሕይወቴ የመጀመሪያ ግብሬ ነው። ዛሬ ካላስገባሁ ሱቄ ይታሸጋል።»

ወርቂቱ የልጅቷን ቦርሳ ከፈተች። ቁጥሩ ያለበት የምስክር ወረቀትና ኮፒው ተገኙ። በኮፒው መሐል ለመሐል አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ወርዷል። ከዚያ የሟቹን መሳቢያ ሳበች። ደንበኞች ለግብር ያመጧቸው አምስት የቤት ኪራይ ውሎች በክር ታስረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ ያው መስመር አለ። ከላይ በቀይ እስክሪብቶ «ማኅተሙ ሐሰት ነው። ሐምሌ 30 ለቢሮው ይሰጥ» ተብሎ ተጽፏል።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሕዝቡ በር ላይ ተጠቅጥቋል።

«ይህን ቅጽ ጋሽ ዳምጠው አልሞሉትም» ስትል ጀመረች። «የኑሰይባ ቁጥር ተጽፎበታል። ቁጥሩ የወጣው ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሰውየው የሞቱት ትናንት ማታ። የሞተ ሰው ነገ የሚወጣ ቁጥር አይጽፍም። ቅጹን መዳፋቸው ሥር ያስገባው ገዳዩ ነው፤ ያስገባውም ዛሬ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።»

«ልጅቷስ ቁጥሩን ታውቅ የለ?» አሉ አቶ መልከጼዴቅ።

«ታውቃለች። ግን ቁጥሩን ባገኘች በሩብ ሰዓት ውስጥ ወረፋ ላይ ነበረች፤ ከዚያም እርስዎ ራስዎ ጀርባዋን ሲያዩ ነበር የቆዩት። ስድባችሁ ሁለታችሁንም አዳናችሁ።» ወደ ኑሰይባ ዞረች። «ወረፋ ከመያዝሽ በፊት ኮፒውን የት አስደረግሽ?»

«እሱ ጋ። ‹ማሽኑ አበላሽቶብኛል› ብሎ ሁለቴ አነሣው።»

«አንዱ ለእሷ፣ አንዱ ለራሱ» አለች ወርቂቱ። «ልዑልሰገድ፣ ዓይኗን አላየሁም አልከኝ፤ ማሽንህ ግን በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ጥቁር መስመር ይጥላል። በሐሰት ማኅተም በሠራሃቸው ውሎችም ላይ ጥሏል። ጋሽ ዳምጠው ያን ደርሰውበት ዛሬ ሊያስረክቡህ ነበር።»

ልዑልሰገድ ቅጹን ትኩር ብሎ አየ። «ያን ቁጥር ብተወው ኖሮ...»

«በእሷ ይፈረድ ነበር። ግን ሃያ ዓመት ከእሳቸው ጎን ኖረህ ባዶ ሣጥን ማለፍ አቃተህ።»

ጋሽ ዳምጠው የተመቱበት ብረት፣ የኮፒ ቤቱ ትልቅ ስቴፕለር፣ ከኮፒ ማሽኑ ጀርባ ተገኘ። ደሙ በደንብ አልታጠበም።

ኑሰይባ ወደ ግብር ቢሮው ስትሮጥ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ይቅርታ ያላት አንድም ሰው የለም። እንዲያውም አንዲት ሴት «ወረፋሽን ጠብቂ!» ብላ ጮኸችባት። ወርቂቱ ሴትየዋን ዞራ ስታያት ግን መንገዱ ተከፈተ።

ኑሰይባ ቆማ፣ በተቃጠለ ጣቷ፣ አዲስ ቅጽ ራሷ ሞላች። የመስኮቱ ሠራተኛ ፊቱን አኮሳትሮ ስሕተት ሲፈልግ ቆየ፤ አጣ።

«ለመጀመሪያ ጊዜ ነው አላልሽም? ማን አስተማረሽ?»

«ጋሽ ዳምጠው» አለች። «ሦስት ቀን ሙሉ እየተቆጡ።»

ቀኑን ሙሉ ሲሰድቧት ያላለቀሰችው ልጅ ያን ጊዜ አለቀሰች።