ሲለካ ሆዱን ይስባል

በኮቱ ቁልፍና በቀዳዳው መካከል አራት ጣት ሙሉ ክፍተት ነበር።

«እስቲ ትንፋሽዎን ያስወጡ» አለ ደበሳይ።

አቶ መድኃኔ አስወጡ። ፊታቸው ቀላ፤ ቁልፉ ግን ወደ ቀዳዳው አልቀረበም። መስታወቱ ፊት ቆመው ሆዳቸውን ቁልቁል አዩት፤ ቀጥለው ልብስ ሰፊውን አዩት። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ልጃቸውን የሚድሩት እሁድ።

«አንተ ጋ ሳሰፋ አስራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ደበሳይ። አንድ ቀን ጠቦኝ አያውቅም።»

ክብረት ከባንኮኒው ኋላ ስልኳ ላይ አቀርቅራ ይህን ሁሉ ትሰማለች። የደበሳይ ልጅ ናት፤ ዕድሜዋ አስራ አምስት ነው፤ አምስት ኪሎ ዘጠነኛ ክፍል ትማራለች። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ሰውየው ወፍረዋል የሚል ነበር። ጥፋት ሲፈጠር ቀድማ ሌላ ሰው ላይ መፈለግ ልማዷ ነው፤ ብዙ ጊዜም ታገኛለች።

ልብስ ስፌት ቤቱ ከፒያሳ ወደ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ክብረት በዚህች ክፍል ውስጥ የማትንቀው ነገር አልነበረም። ግድግዳው ላይ የቀረውን የዛሬ ስድስት ዓመት ካላንደር ትንቃለች። አባቷ ለደንበኛ ሲደውል ሰውየው አስመራ ያለ ይመስል መጮሁን ትንቃለች። ከሁሉም በላይ የምትንቀው ግን ጋሽ ገነነንና ደብተራቸውን ነበር።

ጋሽ ገነነ በቤቱ ጨርቅ የሚቆርጡት ሰው ናቸው። ከአባቷ ጋር በአንድ ልብስ ሰፊ እጅ ሙያ ተምረው ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ደንበኛ የሚለኩት እሳቸው ናቸው፤ ልኩንም ጠርዙ በተበላ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ ማንም ያልጠየቃቸውን ይጭራሉ። «ቀኝ ትከሻው ወረድ ይላል።» «ሲቀመጥ እግሩን ያነባብራል፤ ሱሪው ይርዘም።» «ሲያወራ እጁን ያወናጭፋል፤ ብብቱ ይስፋ።» ክብረት ይህን ለክፍል ጓደኞቿ ስታነብላቸው በሳቅ ሊሞቱ ነበር። «ሰውዬው ግን የለየላቸው ፋራ ናቸው» ብለው ፈረዱ። እሷም አብራ ፈረደች።

ከሁለት ወር በፊት የትምህርት ቤቱ የፈጠራ ክበብ «አነስተኛ ንግድን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዘመን» የሚል ውድድር ሲያወጣ ክብረት የሚዘመን ቤት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለጋትም። ደብተሩን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስታ ስልኳ ላይ ላለው አስተውሎት፣ «ማሽኑ» ለምትለው፣ ሰጠችው። ማሽኑ ልኩን ሁሉ በሰንጠረዥ ደረደረው። በቴሌግራም ለሚመጣ ደንበኛ እሱ ይመልሳል፣ ቀጠሮ እሱ ያስታውሳል፣ የሚቆረጠውን ልክ በወረቀት እሱ ያወጣል። እውነቱን ለመናገር ሠርቷል። «ልብሴ ደረሰ?» እያሉ መመላለስ ቀረ፤ አባቷም በስልክ መጮሁን ተወ። «የልጄ ማሽን» እያለ ለመንገዱ ሁሉ ያወራል።

ያኔ ማሽኑ አንድ ነገር ጠይቋት ነበር፤ ከቁጥሮቹ አጠገብ ያሉትን ጽሑፎች የት ላስቀምጣቸው ብሎ። «ተዋቸው፣ አያስፈልጉም» አለችው። «በጣም ጥሩ ውሳኔ ነው» ብሎ መለሰላት። ለእሱ እሷ ያለችው ሁሉ በጣም ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ አጨብጫቢ ሰው ቢሆን ኖሮ ክብረት በመጀመሪያው ቀን ትንቀው ነበር።

ጨርቅ እንዳይባክንም መከራት። ጋሽ ገነነ ሰው ይወፍራል ብለው ከስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ይተዉ ነበር፤ በማሽኑ ምክር ግማሽ ጣት ሆነ። ለነገው ውድድር ባዘጋጀላት ገለጻ ላይ ደግሞ «የቤቱ ምርታማነት በአርባ በመቶ አድጓል» ብሎ ጽፏል። አርባውን ከየት እንዳመጣው አልጠየቀችውም። ቁጥሩ ያምራል።

አቶ መድኃኔ ለዚህ ኮት ልካቸውን ሊሰጡ አልመጡም። በቴሌግራም «እንደ ድሮው ይሁንልኝ» ብለው ጻፉ፤ ማሽኑ በትሕትና ተቀበላቸው፤ ወረቀቱ ወጣ።

«ማስፋት አይቻልም?» አሉ አሁን።

ደበሳይ ገበሩን ገልብጦ ስፌቱን ዳሰሰ። «ትርፍ የለውም» አለ። ከዚያ ወደ መቁረጫው ጠረጴዛ ዞረ። «ገነነ፣ ምንድነው ይሄ?»

ጋሽ ገነነ መጥተው ኮቱን በእጃቸው አገላበጡት። ክብረት ስሟ እስኪጠራ ጠበቀች። ሰኞ ዕለት ወረቀቱን ይዘው መጥተው ነበር። «ክብረትዬ፣ የመድኃኔ ልክ ትንሽ አላነሰም? ደብተሩ ላይ የጻፍኩት ነገር ነበር መሰለኝ» አሏት። ደብተሩ የት እንዳለ አልጠየቋትም እንጂ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፤ አርብ ክበቡ ፊት አውጥታ ልታስቅበት። ቀና እንኳ ሳትል «ጋሽ ገነነ፣ ማሽኑ ከእርስዎ ዓይን ይሻላል። ወረቀቱ ያለውን ይቁረጡ» አለቻቸው።

«የእኔ እጅ ነው» አሉ ጋሽ ገነነ።

«እንዴት?»

«ወረቀቱማ አይሳሳትም። እኔ ነኝ አዛብቼ ያየሁት። ዓይኔ ደክሟል፣ ደበሳይ።»

ክብረት ሊነኳት መስሏት ቀና ብላ አየቻቸው። ነገር አልነበረበትም። ሰውየው ያሉትን አምነውበታል።

ደበሳይ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ደንበኛውን ራሱ ለካ። ወረቀቱ መቶ አራት ይላል፤ ሜትሩም መቶ አራት አለ። ኮቱን ራሱን መለካት ማንም አልታሰበውም። ጋሽ ገነነ ይህን ሲሰሙ መቀሱን ከጠረጴዛው አነሡና እጀታውን ወደ ጓደኛቸው አዙረው ሰጡት።

«ከእንግዲህ አንተ ቁረጥ። እኔ ቁልፍ እተክላለሁ።»

ደበሳይ ተቀበለ። «ተው እንጂ» አላለም። ጋሽ ገነነ ጥግ ወዳለችው በርጩማ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተው የቁልፍ ሣጥኑን ከፈቱ።

ክብረት አውራ ጣቷ እየፈጠነ ለማሽኑ ጻፈች። «ደንበኛ ኮት ጠበበው። ይቅርታ ጻፍልኝ፤ እኔን አታንሳ።» መልሱ ወዲያው መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ በመቁረጥ ሂደት በተፈጠረ የሰው ስህተት ለደረሰብዎ መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን።»

የሰው ስህተት የተባሉት ሰው ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ጥቁር ቁልፍ ከቡናማው እየለዩ ነበር። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ደጋግመው አዩት፤ የገዛ ዓይናቸውን እየፈተኑ።

«ይሄ ባላጠፋ ሰው ላይ ማላከክ አይሆንም?» ብላ ጻፈች።

«ትክክል ነሽ፣ በጣም ጥሩ ምልከታ ነው። ‹በቴክኒክ ችግር ምክንያት› ብለን ልንቀይረው እንችላለን።»

ክብረት ማንንም እንደዚህ ንቃ አታውቅም። ግን የናቀችው ማሽኑን ብቻ ቢሆን በቀለላት። ማሽኑ የጻፈው የታዘዘውን ነው።

ደበሳይ ሌላ ኮት ሊቆርጥ የመጨረሻውን ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ከዚህ ዓይነት ጨርቅ የቀረው ይኸው ብቻ ነው። «አንዴ ልድገመውና ልክዎን» አለና ሜትሩን እንደገና አዞረ። አቶ መድኃኔ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ደረታቸውን ነፉ፤ ሆዳቸው ቀበቷቸው ሥር ሸሽቶ ገባ። ሜትሩ ሲወርድ ሆዱ ተመለሰ።

ክብረት ይህን አየች። ጓደኞቿ ከሳቁባቸው መስመሮች አንዱ ትዝ አላት፤ ራሷም በጣም የሳቀችበት መስመር ነው።

«መቶ አራት» አለ አባቷ፤ በጠመኔ አሰመረና መቀሱን አነሣ።

ከተናገረች ነገ ክበቡ ፊት ይዛ የምትቆመው አርባ በመቶ አይኖርም። አባቷም ለመንገዱ ሁሉ ያወራውን ሊውጠው ነው። ዝም ካለች ደግሞ ጨርቁ ይቆረጣል፤ ጋሽ ገነነም እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ ዓይኔ ነው እያሉ ቁልፍ ይተክላሉ።

«አባዬ፣ አትቁረጥ።»

ደበሳይ ቀና አለ። ክብረት ከትምህርት ቤት ቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። ገጹን ለማግኘት ጊዜ ፈጀባት። በባንኮኒው ዙሪያ አልፋ በርጩማው አጠገብ ቆመችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበች። ክፍሏ ግን ጠባብ ናት፤ ሁሉም ሰማ።

«መድኃኔ። መቶ አራት። ሲለካ ሆዱን ይስባል፤ አራት ጣት ጨምር።»

ጋሽ ገነነ በርጩማቸው ላይ ወደ እሷ ዞሩ።

«ዓይንዎ ደህና ነው፣ ጋሽ ገነነ። የቆረጡት ወረቀቱ ያለውን ነው። ይሄን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ሲጠይቁኝም ደብተሩ እኔ ጋ ነበር።»

አባቷ አያት። ከፊቱ ላይ ምን እንደሚያስብ ማወቅ አልቻለችም፤ ቁጣው ቆየት ብሎ እንደሚመጣባት ግን አውቃለች። መስታወቱ ፊት የቆሙት አቶ መድኃኔ ቀስ ብለው ሆዳቸውን ለቀቁት።

ክብረት መቀሱን ከአባቷ እጅ ወሰደች፤ እጀታውን አዙራ ለጋሽ ገነነ ዘረጋችላቸው፤ እስኪቀበሏትም ክንዷን አላጠፈችም።