አጣርድ በፀሐይ ፊት ያለፈችበት ቀን

ሬሳው ከሰማይ መመልከቻው ማማ ሥር፣ ጠጠሩ ላይ፣ ነጭ አንሶላ ለብሶ ተኝቷል። ከጎኑ ተነቅሎ የወደቀ የብረት መደገፊያ አለ። ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን እየረገመች ዳገቱን ወጣች። ስለ ሰማይ የምታውቀው ዝናብ ከዚያ እንደሚመጣ ብቻ ነው፤ ስለ ሰው የምታውቀው ግን ለጤናም አይበጅም።

ሟቿ የጣቢያው ኃላፊ ነበረች። ባለፈው ዓመት አዲስ ጅራታም ኮከብ አግኝታ፣ ኮከቡም በስሟ ተጠርቶ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጅራቷ» እያለ በፍቅር ይቀልድባት ነበር። ዛሬ ለአምስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከማማው ሰገነት ወደቀች።

አጠገቧ ታናሽ ወንድሟ ተንበርክኳል። የጣቢያው መካኒክ ነው፤ መደገፊያውም በእሱ ኃላፊነት ሥር ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ ሳይጠየቅ። «የመደገፊያውን ብሎን ዳዶ ጠዋት አጥብቄዋለሁ ብዬ ነበር። አሁን ግን እንጃ፣ እጄን አላምነውም። እሰሩኝ፤ ይገባኛል።»

አንድ ፖሊስ ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ እስቲ!» አለችው ኢንስፔክተሯ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እስከ ማታ ታገሥ።»

ወደ ማማው ወጣች። የመደገፊያው ብሎን የሰገነቱን ወለል አልፎ ወደ ታች ይዘልቃል፤ ዳዶው የሚታሰረው ከሥር፣ የማሽን ዘይት በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉም ሆነ ደረጃው መስኮት የላቸውም። ዳዶው ወለሉ ላይ ተገኘ። ስታነሣው ዘይት ጣቷን አራሰው፤ ጠርዙም በመፍቻ ኪያቤ ተፋፍቋል። በራሱ የላላ ዳዶ ዘይት አይቀባም። ሰው ነው የፈታው፤ ያውም እጁ ያልለመደ ሰው፣ ሩብ ሰዓት ያህል ታግሎ።

ከዚያ አትክልት ቦታው ውስጥ የነበረችውን የጣቢያውን መዝጋቢ ጠራቻት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ዛሬ ምን ስትሠሩ ነበር?»

«አጣርድ፣ ሜርኩሪ የሚሏት፣ በፀሐይ ፊት የምታልፍበት ቀን ነው። የየራሳችን ቴሌስኮፕ የፀሐይን ምስል ነጭ ወረቀት ላይ ይጥልልናል፤ አጣርድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ሆና ትታያለች። በየአምስት ደቂቃው የደረሰችበትን ምልክት እናደርጋለን። እሷ ማማው ላይ፣ እኔ እዚህ፣ ባሏ በምዕራቡ በረንዳ ብቻውን።»

«ሟቿን መጨረሻ ያየሻት መቼ ነው?»

«አራት ሰዓት ከሃያ ላይ። በየግማሽ ሰዓቱ ዓይኗን ልታሳርፍ ወጥታ መደገፊያው ላይ ትደገፋለች። ያኔም ተደግፋ እጇን አወዛወዘችልኝ።»

«ወንድምየውስ?»

መዝጋቢዋ ፊቷ ቀላ። «ከዚያ ወዲህ ከእኔ አልተለየም። ደመናው እስኪያልፍ ወንበሬን እየጠገነልኝ ስናወራ ነበር።»

ፖሊሱ ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ጠጋ አለ። «ይዋደዳሉ እኮ! ትዋሽለታለች።»

ባልየው የፕላኔቶችንና የጅራታም ኮከቦችን መንገድ የሚያሰላ ሰው ስለሆነ «ቀማሪው» ይሉታል። በረንዳው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። እንባ የለውም።

«አማቼን አይቼዋለሁ» አለ። «አራት ተኩል ላይ ነጥቤን አድርጌ ቀና ስል፣ ኪያቤ ይዞ ወደ ማማው ሲገባ።»

«እርግጠኛ ነዎት? እርስዎስ ከቦታዎ አልተነሡም?»

«ወረቀቱ ይኸውና! አንዲት ነጥብ አላመለጠችኝም።» ከዚያ ዝም ማለት ሲገባው አላስቻለውም። «ከእሷ ወረቀት ጋር ያስተያዩት። ማማው ላይ አይቼዋለሁ፤ የእሷ ሁለት ነጥብ ይጎድለዋል፣ የአራት ተኩልና የአራት ከሠላሳ አምስት። ስሟ ሰማይ ላይ ተጽፎላት፣ ይቺን እንኳ በቅጡ መመዝገብ አቃታት።»

ኢንስፔክተሯ ቀና ብላ አየችው። ሚስቱ ጠጠር ላይ ተኝታ፣ ሰውየው ስህተቷን ይቆጥራል። ወረቀቱን ግን አመስግና ተቀበለችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በንባብ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ወንድምየው ካቴና እንደሚገባለት ቆርጦ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አጣምሮ ተቀምጧል።

«እኔ መሃይም ነኝ፤ ስሳሳት አርሙኝ» አለች። «አራት ከሃያ ላይ ሟቿ ተደግፋ መደገፊያው ችሏታል። አራት ከሃምሳ ላይ አልቻላትም። ዳዶው የተፈታው በመሃሉ ነው። ወንድምየው ይሆን? እሱ ቢሆን በሁለት ደቂቃ በፈታው ነበር፤ ጠርዙንም ባልፋፋቀው።»

«ሆን ብሎ ይሆናላ!» አለ ቀማሪው።

«ይሆናል። እሱን የሚመልሰው ይህ ነው።» ሦስቱን ወረቀቶች ደራርባ መስኮቱ ላይ ለጠፈቻቸው። ብርሃኑ አሳልፎ አሳያቸው። «የሟቿ ሁለት ነጥብ ይጎድለዋል። የመዝጋቢዋም እነዚያው ሁለቱ ይጎድሉታል። ለምን ይመስላችኋል?»

«ደመና!» አለች መዝጋቢዋ። «ፀሐይዋ አልታየችም እኮ!»

«መዝጋቢዋ ወንድምየውን ስለምትወደው ትዋሽ ይሆናል። ሟቿ ግን ለማን ብላ ትዋሻለች?» ወደ ቀማሪው ዞረች። «ጌታዬ፣ በደመና ውስጥ እነዚህን ሁለት ነጥቦች እንዴት አዩዋቸው? አማችዎንም ያዩት ያንኑ ነጥብ አድርገው ቀና ሲሉ ነው ብለዋል።»

ቀማሪው ወደ ወረቀቶቹ አንገቱን አሰገገ።

«እኔ ልንገርዎ። ያን ጊዜ መስኮት በሌለው ክፍል ከዳዶ ጋር ይታገሉ ነበር። ሲመለሱ ሰማዩ ጠርቶ ጠበቀዎት። የአጣርድን መንገድ አስቀድመው አስልተዋል፤ የጎደለውን ከስሌትዎ ሞሉ። ስሌትዎ ልክ ነው፤ ደመናን ግን አያውቅም። ደግሞ ባይነግሩኝ እኔ የሟቿን ወረቀት መች እቆጥር ነበር? ምቀኝነትዎ ነው ጣትዎን ይዞ ያሳየኝ።»

ቀማሪው ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«ሠላሳ ቀን ቁጭ ብዬ የዚያን ኮከብ መንገድ ያወጣሁት እኔ ነኝ! እሷ ቀና ብላ አየች፣ በቃ! መንገድ ላይ ሰዉ አስቁሞ እሷን ይስማል፤ እኔ ቦርሳዋን ይዤ እቆማለሁ። ቤት ስንገባ ደግሞ ‹አንተም እኮ ረድተኸኛል› ትለኛለች። ረድተኸኛል! ያቺ ቃል አንጀቴን ስትበላው ከረመች!»

ቅናት ለአጥንት ነቀዝ ነው ይባላል፤ ሰውየው ግን ነቀዙን ራሱ ሲቀልበው ነው የኖረው። ፖሊሱ ካቴናውን አስገባለት።

ወንድምየው ከተቀመጠበት አልተነሣም።

«ስለዚህ አጥብቄው ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«አጥብቀኸው ነበር፣ ወንድሜ።»

«እኔ አይደለሁም?»

«አንተ አይደለህም።»

እፎይ አለ፣ እፎይታውም ወዲያው አሳፈረው። ሙሉ ቀን «ገደልኳት፣ ምን ይውጠኛል» እያለ ያነባው ለራሱ ነበር። አሁን መዝጋቢዋ ትከሻውን ስትይዘው፣ «እህቴ!» ብሎ ጮኸ፤ ለእሷ ማልቀስም ገና ያኔ ጀመረ።